ከሀቢቡ ጋር ስሮጥ

ሀቢቡ የሚባል ጓደኛ የለኝም። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ምክንያቱም ሲስተር እቴነሽ ከአንድ ዓመት በላይ አለ ብላ አምናለች፤ እኔም እየቆየሁ ሳላምን አልቀረሁም።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ጥያቄ ነው። ስኳር የያዘኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ወልቂጤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነበር፤ አሁን ሃያ ሁለት ሆኖኛል። በኪኒን የሚያዘው ዓይነት አይደለም፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ካልተወጋሁ የማልኖርበት ዓይነት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ለሥራ ቡታጅራ ከመጣሁ ወዲህ በየወሩ የምታየኝ ሲስተር እቴነሽ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ «መነጽሬን ያያችሁ» የምትል፣ ቁጣዋና ሳቋ የማይለይ ነርስ። አንድ ቀን ቁጥሬን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ነው የምትውለው?»

«ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው።»

«ማሽኑ ይቀመጥ፣ አንተ ተንቀሳቀስ። በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት። ሰውነትህ ሲሠራ ስኳሩን ይበላዋል። ሳትለካ እንዳትወጣ። ከረሜላ ከኪስህ እንዳይጠፋ። ደግሞ ብቻህን አትሩጥ! ብትወድቅ ‹ይሄ ልጅ ስኳር አለበት› ብሎ የሚናገር አንድ ሰው ያስፈልጋል። ማን አለህ?»

ማን አለህ ስትለኝ ዓይኔ በመስኮቱ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ የልብስ ሰፊ ታፔላ ይታያል፤ ሀቢቡ ይላል።

«ሀቢቡ አለ» አልኳት።

«በሽታህን ያውቃል?»

«በደንብ ነው የሚያውቀው።»

«እሰይ!» ብላ ካርዴ ላይ ጻፈችው። ሀቢቡ እንዲህ ተወለደ።

እውነቱን ለመናገር ከሲስተር በቀር ቡታጅራ ውስጥ በሽታዬን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ የመጣሁትም ለዚያ ነው። ወልቂጤ እያለሁ ስሜ ዑመይር መሆኑ ቀርቶ «ያ ስኳር ያለበት ልጅ» ሆኜ ነበር። እዚህ ግን የማደያው ጠባቂም፣ አሠሪዬ ኢዮብም፣ አከራዬ እትዬ ሃሊማም ዑመይር ብቻ ነው የሚሉኝ። ስሜን እንዲህ ንጹህ አድርገው ሲጠሩት ደስ ይለኝ ነበር።

ሱብሂ ሰግጄ እወጣለሁ። ከእትዬ ሃሊማ ግቢ እስከ ማደያው በእርምጃ፣ ከማደያው በስታዲየሙ አጥር በኩል እስከ ዝዋይ መገንጠያ ደግሞ በሩጫ። በዚያ ሰዓት ዘቢዳር ተራራ ከጀርባዬ ገና ጥቁር ነው፤ የበርበሬ ወፍጮዎቹ አልተነሱም፤ ባጃጆቹ ሸራቸውን ለብሰው ተኝተዋል። ሀቢቡ በግራዬ ይሮጣል። ረጅም ነው፤ ቀይ ሹራብ ይለብሳል። ትንፋሹ እንደኔ አይቆራረጥም። አንዳንዴ እሱን ለመስማት ብዬ ዝም እላለሁ።

ከመውጣቴ በፊት ጣቴን ወግቼ እለካለሁ፤ ስመለስ እንደገና። ሁለቱንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት፣ መቶ አርባ አንድ። መቶ ዘጠና ስምንት፣ መቶ ሃያ። ስሮጥ ይወርዳል። ፈተና አላለፍኩም፣ ሥራዬ የሰው ወረቀት ማባዛት ነው፣ ጓደኛዬ ከታፔላ የተገኘ ነው፤ ይሄ ቁጥር ግን ይታዘዘኝ ነበር። አንዴማ ከልክ በላይ ታዘዘኝ። መገንጠያው ጋ ስደርስ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ዓይኔ ፊት ያለው አስፋልት ራቀብኝ። እዚያ ያለ ድልድይ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አራት ከረሜላ አከታትዬ አኘክሁ። አንድ ባጃጅ ነጂ ቀስ አለና፣

«ጀለስ፣ በጠዋቱ? ማታ ያልጨረስካትን ነው እንዴ?» ብሎኝ ሄደ።

ስካር መስሎት ነው። ሀቢቡ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ምንም አላለም። ምን ይበል?

አሁን ስለ ማሰሮው ልናገር። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፤ ማቀዝቀዣ ደግሞ እትዬ ሃሊማም የላቸው፣ እኔም የለኝ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ የለስላሳ ማቀዝቀዣ አለው፤ ግን እዚያ ለማስቀመጥ ምን እንደሆነ መናገር ይጠይቃል። ስለዚህ ሲስተር እንዳሳየችኝ አደረግሁ፤ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው መሐል ትንሽ ማሰሮ፣ ትንሿ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ ብልቃጦች፣ ከላይ የራሰ ጆንያ። አልጋዬ ሥር አስገብቼ በየማታው ውሃ አጠጣዋለሁ። አበባ የተከልኩ ይመስል።

እትዬ ሃሊማ ገበያ ውስጥ ቅቤ ይሸጣሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ተድረው አንዷ አገና፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ናቸው። የእሳቸውና የኔ ክፍል የሚለያየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሳል ሲያስላቸው እሰማለሁ፤ ራዲዮናቸውን እሰማለሁ፤ ለልጆቻቸው ዱዓ ሲያደርጉ እሰማለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ «አሰላሙ ዓለይኩም»፣ «ወዓለይኩሙ ሰላም፣ አደርክ ወይ ልጄ»፣ «አልሃምዱሊላህ»። ከዚያ በሬን እዘጋለሁ።

አረፋ ሲደርስ ወንድሜ ሙባሪክ ካልመጣህ ብሎ ደወለ። ለእትዬ ሃሊማ ቁልፌን ሰጠሁ፤ እዚህ ለበዓል አገሩ የሚሄድ ተከራይ ቁልፉን ለአከራዩ ትቶ ነው የሚሄደው፤ ይዞ መሄድ ነውር ነው። የጀመርኩትን ብልቃጥ በራሰ ጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ። ሁለቱን አዳዲሶች ማሰሮው ውስጥ ተውኳቸው። በአገና በኩል በሚኒባስ ወልቂጤ ገባሁ።

የወንድሜ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ሚስቱ ፈቲሀ ሻይ አዙራ እኔ ጋ ስትደርስ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«ይሄኛው ያለ ስኳር ነው፣ የዑመይር ነው፣ እንዳይቀያየር!» አለች።

ክፉ ሰው አይደለችም፤ እንዳይቀያየር ብላ ነው። ግን ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ጎረቤት ከንፈሯን መጠጠች። «አይ ልጄን፣ በዚህ ዕድሜው።»

ከሰዓት በኋላ ጎረምሶቹ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አንድ ሰው ጎደላቸው። ጫማዬን ማሰር ስጀምር ሙባሪክ ከበሩ ጮኸ።

«ተቀመጥ! እሱን ተዉት፣ ታማሚ ነው፣ ወድቆ ይቀርባችኋል!»

«በየጠዋቱ ስድስት ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ እኮ» አልኩት።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ነርሷ።»

«ነርሷ ናት ብትሞት የምትቀብርህ?» አለና ሣቀ፤ ሰዎቹም ሣቁ። ወንድሜ ይወደኛል። ልጅ ሆኜ ራሴን ስቼ በትከሻው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከትከሻው አላወረደኝም። ጫማዬን ፈታሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ።

ቡታጅራ ስመለስ በሬን ከፍቼ ደነገጥኩ። ወለሉ ታጥቧል፤ ግድግዳው ተለቅልቋል፤ ብርድ ልብሴ ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። አልጋዬ ሥር ጎንበስ አልኩ። ማሰሮው ተፈግፍጎ ቀልቷል፤ አሸዋው ተቀይሯል፤ ጆንያው ታጥቦ፣ ርሶ ተሸፍኖበታል። ብልቃጦቹም በቦታቸው ናቸው።

እትዬ ሃሊማ በሩ ላይ ቆመው «እናትህ ብትኖር ለአረፋ ቤትህን እንደዚያ ቆሽሾ ትተወው ነበር?» አሉኝ።

«አላህ ይስጥልኝ» አልኳቸው። ስለ ማሰሮው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቅ መናገር ይመጣል ብዬ ነው። ያን ለታ ማታ ግድግዳውን እያየሁ ማዶ ያለውን ሳል ሳዳምጥ ሀቢቡን ረሳሁት።

ከስድስት ቀን በኋላ ይዤው የሄድኩት ብልቃጥ አለቀና ከማሰሮው አንዱን አዲስ አወጣሁ። የኔ ኢንሱሊን ወተት ይመስላል፤ በመዳፍ መሐል ሲያንከባልሉት አንድ ወጥ ይሆናል። ይሄኛው ግን የቱንም ያህል ባንከባልለው የአይብ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ሲስተር እቴነሽ እንዲህ ያለውን ጣሉ ብላ አስተምራናለች። ሁለተኛውን አየሁት፤ እሱም እንደዚያው ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ እንግዲህ አሠራሩ ተቀይሮ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ወደ ሰው ሄዶ ከመጠየቅ የሚያድነውን ነገር ሁሉ ያምናል። ተወጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት መቶ ስድሳ። የበዓሉ ነገር ገና አልወጣልኝም አልኩ። ሮጥኩ። ስመለስ ሁለት መቶ ሰባ አምስት። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፤ ስሮጥ ወጥቶ አያውቅም።

«ትንሽ ነው የሮጥነው» አለኝ ሀቢቡ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ስወጣ ደግሜ ሮጥኩ። በነጋታው ሦስት መቶ አሥር፣ ከሩጫ በኋላ ሦስት መቶ አርባ። በሦስተኛው ቀን እስከ መገንጠያው ደርሼ አልተመለስኩም፤ አልፌ ሄድኩ። አፌ እንደ ቆዳ ደረቀ። ሥራ ቦታ ውሃ እየጠጣሁ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወጥቼ ውሃ።

«ዑመይሮ» አለ ኢዮብ ከማሽኑ ጀርባ፣ «በጌታ ስም፣ አንተ ሰው ነህ ወይስ ቦኖ? ጀሪካኑን ጨረስከው እኮ!»

«ሩጫ ነው፣ ያስጠማል።»

«እየከሳህ ነው። ለማን ብለህ ነው? ሴት ናት?»

ሣቅኩለት። ሴት ናት ብሎ ቢያምን ይሻለኝ ነበር።

በአምስተኛው ጠዋት መለኪያዋ ቁጥር መስጠት አቆመች። ከመጠን በላይ ነው የሚለውን ምልክት ብቻ አሳየችኝ። ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ትንፋሼ ከውስጥ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። እንዲያም ሆኖ ወጣሁ፤ ሮጬ ላወርደው ነበር። ከዚያ በቀር የማውቀው መድኃኒት አልነበረኝም። ስታዲየሙ አጥር ጋ ስደርስ አስመለሰኝ። ውሃ ብቻ ነው የወጣው። ቀና ስል በግራዬ ማንም የለም። ቀይ ሹራብ የለም። ባዶ መንገድና የዋርካ ቅጠል ብቻ።

አጥሩን እየያዝኩ ተመለስኩ፤ ምን ያህል እንደፈጀብኝ አላውቅም። አልጋዬ ላይ ወደቅሁ። ከግድግዳው ማዶ እትዬ ሃሊማ ለገበያ እየተዘጋጁ ነው፤ ቅቤውን በኮባ ሲጠቀልሉ ቅጠሉ ሲንሿሿ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይተው ይወጣሉ። እሳቸው ከወጡ እስከ ማታ ግቢው ውስጥ ሰው የለም።

«ንገራቸው» አልኩት ሀቢቡን በልቤ። «ብወድቅ የምትናገረው አንተ ነህ። ንገራቸው እንጂ።»

ከማዶ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። በሩን እየዘጉ ነው።

እጄን አንሥቼ ግድግዳውን መታሁ። ጭቃ ነው፤ ድምፅ አይሰጥም። በመለኪያዋ መታሁት። ኮቴው ቆመ።

«ዑመይር?»

ደግሜ መታሁ።

ሲገቡ መልኬን አይተው «ያረቢ!» አሉ። «ምን በላህ? ማን ምን አበላህ?»

«ስኳር አለብኝ፣ እትዬ።»

«የምን ስኳር?»

«በሽታው። ሰባት ዓመቴ ነው። መርፌ እወጋለሁ። መድኃኒቱ እዚያ… ማሰሮው ውስጥ ነው።»

ጎንበስ ብለው አልጋዬ ሥር አዩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«እነዚያ ብልቃጦች? ወላሂ የዓይን ጠብታ ነው ያልኩት! ማሰሮው ሸቶ ነበር፣ አሸዋው ሻግቶ። በሴቶች አረፋ ዕለት፣ በዋዜማው፣ አጥቤ ከነትንሿ የኩሽናው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። ብልቃጦቹንም እንዳይጠፉ ብዬ ትንሿ ውስጥ… ሁለት ቀን ረስቻቸው…»

ቆርቆሮው ላይ። ሁለት ቀን። የግንቦት ፀሐይ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። የባጃጅ ሽታ፤ የእትዬ ሃሊማ ክንድ በደረቴ ዙሪያ፤ ነጂውን «ንዳው እንጂ ልጄ፣ በሬ ነው እንዴ የጫንከው!» ሲሉት። የሆስፒታል አልጋ። እጄ ላይ የተሰካ ነገር። እትዬ ሃሊማ ነርሷ ላይ ሲጮኹ፤

«ስኳር አለበት እያልኩሽ ግሉኮስ ትሰቅይበታለሽ?»

«የጨው ውሃ ነው፣ እማማ። ግሉኮስ አይደለም፤ ይረጋጉ።»

የሲስተር እቴነሽ ድምፅ ነበር። ቀትር ላይ ዓይኔ ሲጠራ ደብተሬ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል፤ እትዬ ሃሊማ ከኪሴ አውጥተው ሰጥተዋት ነው። መነጽሯ በቦታው፣ ዓይኗ ላይ ነበር።

«ከፍ ሲልብህ የበለጠ ሮጥክ» አለችኝ። አልጮኸችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ኢንሱሊን ከሌለ እኮ ስኳሩ ሥጋህ ውስጥ አይገባም። ሥጋህ ሲራብ ጉበትህ ሌላ ስኳር ይለቃል፣ ስቡ ነድዶ ደምህን ያኮመጥጠዋል። ወፍጮው ቆሞ አንተ በርበሬ ትጨምራለህ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ካለፈ፣ ከታመምክ፣ ካስመለሰህ፣ ሩጫ የለም! መጥተህ ትጠይቃለህ። ፍርፋሪውን አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ሀቢቡስ? ምን ሲያደርግ ነበር? ስልክ ቁጥሩን ስጠኝ፣ እሱን ነው የምቆጣው።»

ጣራውን አየሁ።

እትዬ ሃሊማ «የምን ሀቢቡ ነው?» አሉ።

«አብሮት የሚሮጠው ጓደኛው።»

«አራት ዓመት ቤቴ ሲኖር በሩን ያንኳኳ ሰው አላየሁም።»

ሲስተር ወደኔ ዞረች። «የለም» አልኳት። «ኖሮም አያውቅም።»

ካርዴን አገላብጣ ስሙ ያለበትን መስመር ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አወጣች፤ ሰረዘችውና እትዬ ሃሊማን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው የምሸጠው።»

«ቅቤዎን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል?»

«ዕብድ ነኝ እንዴ!»

«በቃ፣ ይሄ መድኃኒትም እንደ ቅቤ ነው።»

ሁለት ቀን አድሬ ወጣሁ። ግቢ ስንገባ እትዬ ሃሊማ ቁልፉን እያወጡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«እኔ ሰው አይደለሁም?» አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተደግፈህ ስትታመም። ከበሬታዬ ይሄ ነው? ብትሞትብኝ ለወንድምህ ምን እለው ነበር፣ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት?»

ይቅርታ ብል የሚበቃ አልመሰለኝም።

አልጋዬ ሥር ጎንበስ ስል ማሰሮው የለም። እሳቸው ክፍል ሄዷል፤ ቅቤው ከሚቀመጥበት ጨለማ ጥግ፣ በራሰ ኮባ ተሸፍኖ። አሁን ጠዋትና ማታ መርፌዬን ይዤ በራቸውን አንኳኳለሁ። ብልቃጡ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ቁጥር ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ይጠይቁኛል። እውነት ለመናገር ከብዶኛል። የራሴ የነበረው ነገር፣ ያ በጎሕ ሰዓት ከራሴ ጋር የምነጋገርበት ቁጥር፣ በሰው ፊት የሚነገር ሆነ። አንዳንድ ቀን በሬን ዘግቼ የድሮውን ብቸኝነቴን እመኘዋለሁ።

ሐኪሙ ሩጫ ከፈቀደልኝ በኋላ በመጀመሪያው ጠዋት በራቸው ላይ ቆሜ ለካሁ። እሳቸው ከሰገዱበት ምንጣፍ ላይ አልተነሱም፤ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ነው።

«ስንት አለ?»

ሁለት መቶ አሥር ነበር። መቶ ሠላሳ ልላቸው አፌ ተከፈተ። መቶ ሠላሳ ብል ደስ ይላቸዋል፤ በጥያቄም አይከታተሉኝም።

«ሁለት መቶ አሥር» አልኩ።

«ብዙ ነው?»

«ትንሽ ብዙ ነው። መሮጥ ግን አይከለክልም።»

«መርፌህን ተወግተሃል?»

«ተወግቻለሁ።»

«ከረሜላ?»

ኪሴን ነካሁላቸው።

«ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? እስከ ማደያው ብቻ። እዚህ በር ላይ ነኝ።»

እስከ ማደያው ሮጥኩ። ዘቢዳር ከጀርባዬ እየነጋ ነው። በግራዬ ማንም አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሀቢቡ መጥቶ አያውቅም። ማደያው ጋ ደርሼ ዞር ስል በመንገዱ ጫፍ፣ ግቢያችን በር ላይ፣ የእትዬ ሃሊማ ነጭ ሻሽ ትታያለች፤ ከሩቅ የምታክለው የከረሜላ ወረቀት ነው። እጄን አነሣሁ። አላዩኝም መሰለኝ። ቢሆንም ዞሬ ወደሳቸው መሮጥ ጀመርኩ።